ቅጹ ሲሞላ ልጆቹን የጠየቀ አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር በጋዜጣችሁ የአንባብያን ዓምድ ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ይጻፋል። ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ያልደነገጠ ወላጅ የለም። የድንጋጤው ክርክር ግን ሁልጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በኩረጃና በፈተናው ክብደት ዙሪያ ሲሽከረከር አያለሁ። እኔ ብዕር ያነሣሁት ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ስለሚሆነው ነገር፣ ይኸውም አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ራሱን ገምግሞ የማሻሻያ ዕቅድ ስለሚያወጣበት አሠራር ነው። ነገሩ ደረቅ ይመስላል፤ ሆኖም በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ከታወቀ ወዲህ፣ እነዚያ ልጆች ይማሩባቸው የነበሩ ትምህርት ቤቶች በዚያው ዓመት ስለ ራሳቸው ምን ብለው ጽፈው ይሆን የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ ጠፍቶ አያውቅም።

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። ዛሬ በዚያው ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት፣ በተለምዶ ወመተህ የምንለው፣ አባል ነኝ። መምህር ሳለሁ የግለ ግምገማውን ቅጽ ከሚሞሉት አንዱ ነበርሁ፤ አሁን ደግሞ ተሞልቶ ሲመጣ ከሚፈርሙት አንዱ ሆኛለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምወቅሰውን ስወቅስ ራሴን ከተወቃሾቹ አላወጣም።

አሠራሩ በወረቀት ሲታይ የሚነቀፍ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ ውስጥ ከነበሩት ስድስት ፕሮግራሞች አንዱ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም እንደነበረ የሙያ ባልደረቦቼ ያስታውሳሉ። በዚህ ፕሮግራም መሠረት ትምህርት ቤቱ በአራት ዐበይት ጉዳዮች፣ ማለትም በመማር ማስተማሩ፣ በምቹ የትምህርት ሁኔታና አካባቢ፣ በአመራሩና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ራሱን ይመዝናል፤ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች እየተጠየቁ መረጃ ይሰበሰባል፤ ከመረጃው ተነሥቶ የሦስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ይወጣል፤ እሱም በየዓመቱ እየተሸነሸነ ወደ ሥራ ይገባል። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንስፔክሽን ማዕቀፉ ተጨምሮ፣ ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች እየተመዘኑ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። ከመቶው ውስጥ 25 ለግብዓት፣ 35 ለሂደት፣ 40 ለውጤት የተሰጠ ሲሆን፣ ከ50 በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ድረስ ያለው ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያለው ደረጃ 3፣ ከ90 በላይ የደረሰው ደረጃ 4 ይባላል። ግለ ግምገማው የውስጥ መስተዋት፣ ኢንስፔክሽኑ የውጭ ዓይን እንዲሆን ታስቦ ነበር።

በተግባር ሲታይ ግን ግለ ግምገማው የሚሠራው በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት፣ ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎች የዓመት ውጤት መዝገብ፣ ተሞልቶ ካርድ ሊታደል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሁለት ወይም ሦስት መምህራን በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቀምጠው ነው። ያለፈው ዓመት ቅጽ ይወጣል፤ ዓመተ ምሕረቱ ይለወጣል፤ ነጥቦቹ ላይ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል፤ ምክንያቱም መቀነስ ያስጠይቃል፣ ባለበት መቆምም ሥራ አልተሠራም ያሰኛል። ቃለ ጉባኤው አስቀድሞ ተጽፎ ያድራል። ለሌላ ጉዳይ የመጡ ወላጆች በበሩ ሲያልፉ ተጠርተው ይፈርማሉ፤ መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን በማኅተሙ ቀለም ነክረው ያሳርፋሉ። አንድ ዓመት እኔው ራሴ ጸሐፊ በነበርሁበት ጊዜ፣ ዕቅዱ ታይቶ ከጸደቀ ከወራት በኋላ ገጹን ሳገላብጥ በመካከሉ የጎረቤታችን ትምህርት ቤት ስም ሁለት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ከእነሱ ፍላሽ ገልብጠን ስናስተካክል ያመለጠን ነበር። የሚገርመው የእኛ መሳት አይደለም፤ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በአንድ ላይ በሚደራጁበት በጉድኝት ማዕከሉም ሆነ ከዚያ በላይ ዕቅዱን ካዩት ሰዎች አንድም ስሙን ያስተዋለ አለመኖሩ ነው።

ይህን ስል መምህራኑ ሰነፎች ወይም አታላዮች ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገሩ የተበላሸው ግለ ግምገማው ከማወዳደሪያ ጋር በአንድ ገመድ ስለታሰረ ነው። ርእሰ መምህሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ የሚጻፍለት ነጥብ ትምህርት ቤቱ ባገኘው ደረጃ ይነካል፤ ሱፐርቫይዘሩም በሥሩ ያሉት ትምህርት ቤቶች ስንቱ ከደረጃ 1 ወደ ደረጃ 2 እንደተሻገሩ ሪፖርት ማድረግ አለበት። እንዲህ ባለ አሰላለፍ ውስጥ «ልጆቻችን አያነቡም» ብሎ በገዛ እጁ የሚጽፍ ትምህርት ቤት የሚያገኘው እርዳታ ሳይሆን ግሣጼ ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ የሆነውን ልጥቀስ። «ትምህርት ቤቱ የንጹሕ ውኃ አቅርቦት አለው» ከሚለው ነጥብ ላይ ስንደርስ፣ ቧንቧው ከጥር ወር ጀምሮ ጠብታ እንዳልወጣው ሁላችንም እያወቅን፣ ቧንቧው ቆሞ የሚታይ ስለሆነ ከአራት ሦስት ሰጠነው። አንዲት የሳይንስ መምህርት ብቻ «ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ውኃ ነው ወይስ ስለ ብረት?» ብላ ጠየቀች። ሳቅን፤ ነጥቡ ግን አልተነካም።

ሌላው ነገር ዕቅዶቻችን የት ላይ እንደሚያተኩሩ ነው። በኢንስፔክሽኑ ስሌት ለግብዓት የተሰጠው ሩብ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ያነበብኋቸው ዕቅዶች አብዛኞቹ ስለ አጥር፣ ስለ ዴስክ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድና ስለ ቤተ መጻሕፍት ክፍል ይናገራሉ። እነዚህ አያስፈልጉም የሚል የለም፤ በጭቃ ግድግዳና በአፈር ወለል ላይ የሚማር ልጅ ያለበት አገር ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. የጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» የተሰኘ ንቅናቄም ብዙ መማሪያ ክፍሎችን እንዳሳደሰ የታወቀ ነው። ነገር ግን ግብዓት ላይ የምናተኩረው የሚቆጠርና ፎቶ የሚነሣ ስለሆነ ጭምር ነው። ይህ በወላጁ ዘንድ ያስከተለው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በእኛ ቀበሌ «ትምህርት ቤት ስብሰባ አለ» ሲባል የሰው ሁሉ ትርጉም «መዋጮ አለ» የሚል ነው። ገበሬው ከጎታው ስንት ቁና እንደሚወጣ እያሰላ ይመጣል ወይም ይቀራል። ስለ ልጁ የሚናገረው ነገር ይኖረው ይሆን ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

በእኛ ትምህርት ቤት ይህ ልማድ የተቋረጠው በብልኀታችን አይደለም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በደረሰው የጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርት ቤታችን ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ዳግም ሲከፈት የቢሮው ቁም ሣጥን ባዶ ነበር፤ የቀድሞ ዕቅድም፣ ቅጽም፣ ፍላሽም፣ ሮስተርም አልነበረም። የሚገለበጥ ነገር ስለጠፋ ብቻ አዲስ ለመጻፍ ተገደድን። በዚያ ላይ ልጆቹ ከየት እንደሚጀምሩ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሦስተኛ ክፍል ሳሉ የተለዩን ልጆች ድምፃቸው ጎርንኖ፣ ቁመታቸው ተመዝዞ ተመልሰው «ስንተኛ ክፍል ልግባ?» ብለው ሲጠይቁን መልሱ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተገኘም። ርእሰ መምህሩ፣ ገና ወጣት ነው፣ «እንግዲያው አንድ በአንድ እያስነበብን እንያቸው» አለ። አሁን ሳስበው ከሃያ ዓመት በፊት ይህን ማለት የነበረብን እኛ ነበርን።

ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። የሁለተኛ ክፍል መምህርቷ በመጽሐፍ ውስጥ የሌለ፣ ስለ አንዲት ዶሮና ስለ ጫጩቶቿ የሚናገር ስድስት መስመር ታሪክ በእጇ ጻፈች። ከ2ኛ፣ ከ3ኛና ከ4ኛ ክፍል መዝገብ በየአምስቱ አንድ ስም እየቆጠርን ልጆቹን ጠራን። ልጁን የሚያስነብበው የራሱ መምህር እንዳይሆን አደረግን፤ የራሱ መምህር ሲሆን ልጁ ይፈራል፣ መምህሩም ሳያስበው በከንፈሩ ይረዳዋል። እኔና አንድ የስድስተኛ ክፍል መምህር ከግቢው ዋርካ ሥር ሁለት ወንበር አውጥተን ሦስት ቀን ተቀመጥን።

በሁለተኛው ቀን የመጣችውን የሦስተኛ ክፍል ልጅ አልረሳትም። መጀመሪያ እንድትረጋጋ ብለን የአማርኛ መጽሐፏን ሰጠናት፤ አንደኛውን ምንባብ አንዴም ሳትደናቀፍ፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር እየጠበቀች ወጣችው። ባልደረባዬ ጎበዝ ሊላት ሲል፣ እኔ ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቴን አሳርፌ «እስኪ ከዚህ ጀምሪ» አልኋት። ዝም አለች። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቃል ተነሥታ በሆዷ እያለች ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ድምፅ አውጥታ ቀጠለች። ምንባቡን በቃሏ ይዛው ኖሯል። የዶሮዋን ታሪክ ስንሰጣት «ሎ» የሚለው ፊደል ላይ ቆመች። ከዚያ ግራ እጇን ከጀርባዋ አድርጋ፣ በቀኝ እጇ ጣቶች እየቆጠረች፣ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ» ብላ አምስቱን ጨረሰች፤ ግራ እጇን አምጥታ «ል፣ ሎ» አለችና ቀና ብላ አየችን። በዚህ ዓይነት አንዲት ቃል ለማንበብ የምትደክመውን ድካም ተመልክቼ፣ ልጅቱ ሰነፍ ሳትሆን ያለ መንገድ የምትጓዝ ብርቱ ልጅ መሆኗ ገባኝ። ካየናቸው ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት ከእሷ ብዙም የተለዩ አልነበሩም። ተከታታይ ምዘናን ለሠላሳ ዓመት በማርክ ሊስት ስሞላ የኖርሁ ሰው ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ።

ይህን ይዘን ወላጆችን ጠራን። ስብሰባውን ያደረግነው በ21 ቀን፣ በማርያም ዕለት፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ነው፤ በዚህ ዕለት በሬ አይጠመድም፣ ገበያም የለም። አስቀድመን «መዋጮ አይጠየቅም» ብለን በአዋጅ ነጋሪ አስነግረን ስለነበር ከወትሮው ብዙ ሰው መጣ። ርእሰ መምህሩ ያየነውን ሳይቀንስ ተናገረ። ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ፤ ከዚያም መምህራን በወላጅ፣ ወላጅ በመምህራን ማሳበብ ጀመሩ፤ ያንን አልተርከውም፣ በየትም የሚሰማ ነው። የሁሉንም አፍ የዘጋው አንድ አባት ተነሥቶ የተናገረው ነበር። «መምህር፣ ልጄ አምስተኛ መውጣቱን ካርዱ ነግሮኛል፤ እግዜር ይስጥልን። ከፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣ ግን ዛሬም ለቄሱ ነው የምወስደው። ልጄም እኔም እኩል እናየዋለን» አለ። ቅጹ ስለ ውጤት ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም።

ቀጥሎ የመጣው ምክንያቱን መፈለግ ነው፤ ግለ ግምገማ በአብዛኛው የሚወድቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነጥብ ሰጥቶ ማለፍ እንጂ «ለምን?» ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ መጠየቅ አልለመድንም። መጀመሪያ የተጠቀሰው የተማሪ ብዛት ነበር፤ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ከሚለው መለኪያ ብዙ ርቀን፣ መምህር ስላነሰን ሁለት ክፍሎችን አንድ ላይ አጥፈናቸው ነበርና እውነት ነው። ለዚህ ግን መፍትሔው ከእጃችን ውጭ ነው። ሁለተኛው በታችኞቹ ክፍሎች ልጆች ያለ መድገም ሲዛወሩ የሚታየው ክፍተት ነበር፤ ዝውውሩ በተከታታይ ምዘናና በማካካሻ ትምህርት ይታገዛል ተብሎ የታሰበ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ የቀረው ዝውውሩ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ምክንያት የተናገረችው ያችው የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነበረች፤ ልናየው ያልፈለግነውም እሱን ነበር።

«አንደኛ ክፍልን ማን ነው የሚያስተምረው?» አለች። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በትምህርት ቤታችን፣ እንዳየሁትም በብዙ ትምህርት ቤቶች፣ ነባሩና ጎበዙ መምህር የሚመደበው የክልል ፈተና በሚሰጥባቸው በ6ኛና በ8ኛ ክፍሎች ነው፤ ውጤቱ የሚታየው እዚያ ነውና። አንደኛ ክፍል አዲስ ለተቀጠረ፣ አንዳንዴም ሌላ ክፍል አይችልም ለተባለ ወይም ለጡረታ ለተቃረበ ሰው ይሰጣል። እኔም በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት አንደኛ ክፍል የተሰጠኝ እንዳርፍ ተብሎ ነበር። ሰባ ሕፃናትን ፊደል ማስቆጠር እረፍት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አንድ ቀን ገብቶ ይሞክረው። ለማንኛውም ይህ ምክንያት ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ብር ሳይወጣበት፣ ከወረዳ ፈቃድ ሳይጠየቅበት፣ በርእሰ መምህሩ የድልድል ወረቀት ላይ ሊስተካከል መቻሉ ነው። በቀጣዩ ድልድል ከትምህርት ቤቱ በአማርኛ ማስተማር የታወቀው መምህር ከስድስተኛ ወደ አንደኛ ክፍል ተዛወረ። ቅር ብሎት እንደነበር አልደብቅም፤ ዝቅ የተደረገ መሰለው፤ ሚስቱም «ምን አጥፍተህ ነው?» ብላ እንደጠየቀችው በኋላ እየሳቀ ነግሮናል።

ስለ መቅረትም አንድ ነገር ተማርን። በየዓመቱ ሪፖርታችን ላይ «የወላጆች የግንዛቤ ማነስ» ብለን የምንጽፈው ነገር አለ። የክፍል ኃላፊ መምህራን የስም መጥሪያውን አውጥተው የቀሩትን በዕለት በዕለት ሲቆጥሩ፣ መቅረቱ ዓመቱን ሙሉ የተበተነ ሳይሆን በሁለት ቦታ የተከማቸ ሆኖ ተገኘ፤ አንደኛው አዝመራ በሚሰበሰብበት በኅዳር፣ ሁለተኛው በየሳምንቱ የገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን እናት ገበያ ስትሄድ ትልቋ ልጅ ቤት ትጠብቃለች፣ ትንሹ ወንድ ልጅ ከብት ያግዳል። ይህ የግንዛቤ ማነስ አይደለም፤ ወላጁ የሚያደርገውን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ሌላ ሰው ስለሌለው ነው። ስለዚህ በገበያ ቀን ትምህርቱ ማልዶ ተጀምሮ እናቶች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እንዲያልቅ፣ አማርኛና ሒሳብም በሌላ ቀን እንዲደለደሉ ከወላጆች ጋር ተስማማን። ለኅዳሩ ግን እስካሁን ያገኘነው መላ የለም፤ ጤፍ ቆሞ አይጠብቅም።

ዕቅዳችን በመጨረሻ ሦስት ጉዳይ ብቻ ያዘ፤ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ንባብ፣ የገበያ ቀን መቅረትና ውኃ። የቀድሞው ዕቅድ «የተማሪዎችን የንባብ ክህሎት 85 በመቶ ማድረስ» ይል ነበር፤ ከስንት ተነሥቶ፣ በማን፣ መቼ፣ በምን እንደሚታወቅ ግን አይናገርም። በአዲሱ ላይ ያስቀመጥነው እያንዳንዱ የአንደኛ ክፍል ልጅ እስከ ሰኔ ድረስ ፊደልን ከተራው አውጥተው ሲያሳዩት ሳይቆጥር እንዲለይ፣ ይህንንም የሌላ ክፍል መምህር በየሁለት ወሩ ከዋርካው ሥር ቁጭ ብሎ እንዲያይ ነው። መምህራን በዓመት እንዲያሟሉት የሚጠበቀውን የ60 ሰዓት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያም፣ ከዚህ በፊት ሞጁል በመገልበጥ እናሳልፈው የነበረውን፣ በዚሁ በንባብ ላይ እንዲያውሉት ተስማማን። ዕቅዱን ለማስገባት ስንሄድ ግን ቅጹ በአራቱም ዐበይት ጉዳዮች ሥር ግብ እንዲጻፍ ስለሚያስገድድ «ያልተሟላ» ተብሎ ተመለሰ። ቅጽ ባዶ ሣጥን አይወድም። ሦስቱን እንደያዝን የቀሩትን ሣጥኖች በለመድነው አማርኛ ሞልተን ላክነው፤ ይህንንም ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም።

አንዳንድ ሰው ራስን መገምገም ከውጭ የመጣ፣ ለእኛ ባህል እንግዳ የሆነ አሠራር ነው ሲል እሰማለሁ፤ ጎጃም ተቀምጦ ይህን ማለት ግን ይከብዳል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ቤት ተማሪው ሌሊት ሲያወጣ ያደረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ ከተበላሸ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፣ ሄዶ አስተካክሎ በማግስቱ ይመለሳል። ማንም ያልተበላሸ አስመስሎ አይመዘግብለትም፤ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ቆጠራውን፣ ሳይጨርስም ቅኔን ከራሱ ወደሚያፈልቅበት ወደ ዘረፋ አይሻገርም። የቅኔ ቤቱ ሌላ ጉድለት የለውም አልልም፣ አለንጋውን የቀመሱ ያውቁታል፤ ነገር ግን መሳሳት እንደ ወንጀል ሳይሆን እንደ ዕለት ሥራ የሚታይበት ቤት ነበር።

ለሚመለከታቸው የትምህርት ኃላፊዎች ማቅረብ የምፈልገው ከዚህ የተነሣ ነው። ግለ ግምገማው ከደረጃ ምደባና ከርእሰ መምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይለይ። ኢንስፔክሽን በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ባለሙያ ይምጣና ደረጃ ይስጥ፤ ትምህርት ቤቱ ስለ ራሱ የጻፈው ግን ለማወዳደሪያ የማይቀርብ፣ ትምህርት ቤቱን ለማገዝ ብቻ የሚነበብ ይሁን። ሱፐርቫይዘሩ የማስረጃ ፎልደር ከማገላበጥ ይልቅ አንድ ሰዓት ከልጆች ጋር ቢቀመጥ ስለ ትምህርት ቤቱ የበለጠ ያውቃል። ጊዜውንም በተመለከተ፣ ሰኔ ለመምህሩ የሮስተር፣ ለገበሬው የእርሻ ወር ነውና የወላጅ ተሳትፎ ያለበት ግምገማ በሰኔ ሊሠራ አይችልም። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አልቆ፣ አውድማም ተነሥቶ ሰው ፋታ በሚያገኝበት በየካቲት ቢሆን፣ የተገኘውን ችግር በዚያው ዓመት ለማረም አራት ወር ይተርፋል፤ ለሐምሌ 1ዱ በጀትም ዕቅዱ ቀድሞ ይደርሳል።

በዕቅዱ ቅጽ ላይም ቢያንስ ሁለቱ ሣጥኖች ባዶ ሊቀሩ ይፈቀድ። ባለ 200 ግብ ዕቅድ ያላቸው ትምህርት ቤቶች የግቦቹን አንድ ሦስተኛ እንኳ ሳይጨርሱ ሰኔ ሲደርስባቸው አይቻለሁና።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ላብቃ። በሠላሳ ዓመት የማስተማር ጊዜዬም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ከትምህርት ቤታችን የወጣ ዕቅድ ከማኅተምና ከፊርማ በቀር በጠርዙ ላይ አንድ መስመር አስተያየት ተጽፎበት ሲመለስ አላየሁም። ዘንድሮ የላክነው ዕቅድ ገጽ አራት ላይ «ቧንቧው ቆሟል፤ ውኃ የለውም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ያነበበው ሰው ካለ በአጠገቡ አንድ ቃል ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህርና የወመተህ አባል፣
ከምሥራቅ ጎጃም